«ወንድ አልወድም፤ አንተን ብቻ ነው»፦ የቢኤል ማንጋ ክርክር ለምን አይቋጭም?

አንድ የቆየ የተመሳሳይ ጾታ የፍቅር ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ትረካ) በአኒሜ (በጃፓን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ፊልም) ተሠርቶ በቀረበ ወይም አዲስ እትም በወጣ ቁጥር አንባቢዎቹ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ይህ ታሪክ መድፈርን ፍቅር እያለ ያቀርባል፤ ጌይ ሰዎችንም መጫወቻ ያደርጋል» ይላል። ሌላው «ልብ ወለድ ነው፤ ካልጣመህ አታንብበው» ብሎ ይመልሳል። ጥቂት ቀን ተነታርከው ይበተናሉ፤ ከወር በኋላ በሌላ ርዕስ ላይ ያንኑ ጭቅጭቅ ከሀ ይጀምራሉ።

ክርክሩ የማይቋጨው አንደኛው ወገን ነገሩ ስላልገባው አይደለም። እያንዳንዱ የሚመልሰው የሌላውን ሳይሆን የራሱን ጥያቄ ስለሆነ ነው። ተከላካዩ የሚጠይቀው ይህ አጻጻፍ ለአንባቢው ምን እንደሚሠራለት ነው። ነቃፊው የሚጠይቀው በሥዕሉ የተወከለውን ሰው ምን እንደሚያስከፍለው ነው። የሁለቱም መልስ በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ይህን ለማየት ግን ስልቶቹ ከየት እንደመጡና በገጹ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ቀረብ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃላቱ ራሳቸው ያጣላሉ

ቦይዝ ላቭ፣ በአጭሩ ቢኤል፣ በወንዶች መካከል ያለ ፍቅርን የሚተርክ ዘውግ ሲሆን በአብዛኛው ሴቶች ይጽፉታል፣ ሴቶች ያነቡታል። ዩሪ፣ በጃፓንኛ ሊሊ የምትባለው አበባ ስም፣ በሴቶች መካከል ያለ ፍቅርን የሚተርከው ነው። ከእነዚህ ለየት ብሎ ደግሞ ጌይ ኮሚ አለ፦ ጌይ ወንዶች ለጌይ ወንዶች የሚሥሉት። ከጃፓን ውጭ ያሉ አንባቢዎች ይህን ሦስተኛውን «ባራ» ይሉታል፤ ቃሉ ጽጌረዳ ማለት ሲሆን በ1971 ከተጀመረው ባራዞኩ ከተባለ የጌይ ወንዶች መጽሔት ጋር የተያያዘ ነው። ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሣው አንዱን ዘውግ በሌላው መለኪያ ከመመዘን ነው።

ለዚሁ የወንዶች ፍቅር ዘውግ የሚውለው ያኦይ የሚለው ቃል የመጣው በ1979 ከወጣ የአማተር ሥዕለኞች እትም ነው። «ያማ ናሺ፣ ኦቺ ናሺ፣ ኢሚ ናሺ» የሚለው ሐረግ ምሕጻረ ቃል ሲሆን ጡዘት የለም፣ መቋጫ የለም፣ ትርጉም የለም ማለት ነው። ሠሪዎቹ በራሳቸው ላይ የቀለዱት ቀልድ ነበር። አድናቂዎቹ ሴቶች ራሳቸውን የሚጠሩበት ፉጆሺ የሚል ስምም እንዲሁ ነው፤ ጨዋ ሴት የሚለው ቃል ድምፁ ሳይለወጥ በአንድ የጽሕፈት ምልክት ተቀይሮ «የበሰበሰች ሴት» ሆነ። በእንግሊዝኛ የሚያነቡ አድናቂዎች ሾኔን-አይን (ቃል በቃል «የወንድ ልጆች ፍቅር») «ለዘብተኛው»፣ ያኦይን «ግልጹ» አድርገው ከፋፈሏቸው፤ ይህ ክፍፍል ግን ጃፓን ውስጥ የለም። እዚያ ሾኔን-አይ በዋናነት የ1970ዎቹን ሥራዎች የሚያስታውስ አሮጌ ቃል ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «ያኦይ ጎጂ ነው፣ አይደለም» ብለው ሲከራከሩ ስለ አንድ ነገር እያወሩ ላይሆን ይችላል።

ትሮፕ የሚባለው ከሥራ ወደ ሥራ ተደጋግሞ የሚመጣ የትረካ ስልት ነው፤ በራሱ ነቀፌታ የለበትም። ስቴሪዮታይፕ ደግሞ አንድን የሰው ወገን በአንድ መልክ ጠቅልሎ መፈረጅ ነው። ክርክሩ በአጭሩ የመጀመሪያው መቼ ወደ ሁለተኛው ይለወጣል የሚል ነው።

ለምን ወንዶች ተመረጡ?

በ1970ዎቹ የልጃገረዶች ማንጋን የለወጡት በ1949 አካባቢ የተወለዱ ሴቶች ናቸው። ዓመቱ በጃፓን ዘመነ ሾዋ 24ኛው ስለሆነ «የ24 ዓመት ቡድን» ተባሉ። ታኬሚያ ኬይኮ በታኅሣሥ 1970 በወንድ ልጆች መካከል ያለ ፍቅርን የሚተርክ አንድ አጭር ሥራ አወጣች። ሃጊዮ ሞቶ በ1974 በጀርመን አዳሪ ትምህርት ቤት የተመሠረተ ታሪኳን አስከተለች፤ ታኬሚያም ከ1976 እስከ 1984 የዘለቀውንና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የተቀመጠውን ረጅም ሥራዋን ጻፈች። በ1978 ጁኔ የተባለው መጽሔት ሲጀመር ለዘውጉ ቋሚ ቤት ተገኘለት።

ሃያሲዋ ፉጂሞቶ ዩካሪን ጨምሮ ብዙ ተንታኞች የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው፦ በዚያን ጊዜ የፍቅር ማንጋ ውስጥ ሴት ልጅ የምትቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። ትጠብቃለች፣ ትመረጣለች፣ ታገባለች። ምኞት፣ ቅናት፣ ጥቃት፣ ጥፋተኝነት በሴት ገላ ላይ ሲሣሉ አንባቢዋን በቀጥታ ያቆስላሉ። በወንድ ገላ ላይ ሲሣሉ ግን አንባቢዋ ልትርቃቸውም ልትጠጋቸውም ትችላለች፤ ከሁለቱ ወንዶች በአንዱ ወይም በሌላው ዓይን፣ ወይም ከላይ ሆና ሁለቱንም ማየት ትችላለች። ወንዱ መከላከያ ልብስ ነበር ማለት ነው። ይህ የተከላካዮቹ መከራከሪያ ሥር ነው፤ ጠንካራም ነው። ድክመቱ ልብሱ የተሰፋበት ጨርቅ ራሱ ሰው መሆኑ ላይ ነው።

ዘውጉን ያሰፋው ደግሞ የአማተር ገበያው ነው። በታኅሣሥ 1975 ኮሚኬት የተባለው የአማተር እትሞች ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ32 ቡድኖችና በ700 ያህል ጎብኚዎች ተጀመረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሴት አድናቂዎች የእግር ኳስ ማንጋውን ካፒቴን ጹባሳን ተጫዋቾች እያጣመሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ዶጂንሺዎች፣ ማለትም በራስ ወጪ የሚታተሙ ቀጫጭን እትሞች፣ አወጡ። ተከታታዩ በአረብ አገሮች ቴሌቪዥን «ካፒቴን ማጂድ» እየተባለ የታየው ነው፤ በዚያ ያደጉ ተመልካቾች ይህን የሌላ ወገን ሕይወቱን ሲሰሙ ሳይገረሙ አይቀሩም። ከእነዚህ ሥዕለኞች ብዙዎቹ በ1990ዎቹ ወደ መደበኛ አሳታሚዎች ገቡ። ቦይዝ ላቭ የሚለው የንግድ ስም የተለመደውና ዛሬ የሚያወዛግበው ቀመር የደረቀው ያኔ ነው።

ሴሜና ኡኬ፦ የሰዋስው ጉዳይ

ሴሜ «የሚያጠቃ»፣ ኡኬ «የሚቀበል» ማለት ነው፤ ከማርሻል አርት ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። የአማርኛ ሰዋስው የተማረ ሰው ገቢርና ተገብሮ ቢላቸው ብዙም አይሳሳትም። አንባቢው ሁለቱን ገና ከሽፋኑ ይለያቸዋል። ሴሜው ይረዝማል፣ ትከሻው ይሰፋል፣ አገጩ ይሾላል፣ ዓይኑ ጠበብ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ከኋላ ሆኖ ያቅፋል። ኡኬው ዓይነ ትልቅ፣ ፀጉረ ቀላል፣ ቶሎ የሚቀላ ነው፤ በዕድሜ ያንሳል ወይም በሥራ የበታች ነው። አድናቂዎች ጥንዱን በማባዣ ምልክት ይጽፉታል፤ ከምልክቱ በፊት የሚመጣው ስም ሴሜው ነው። በሂሳብ 3×5 እና 5×3 አንድ ናቸው። እዚህ ግን ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ወዳጅነት የሚያፈርስ ጉዳይ ነው፤ በዶጂንሺ ገበያም ጠረጴዛዎቹ የሚደረደሩት በዚሁ ነው።

ነቃፊዎች የሚሉት ግልጽ ነው። ይህ አደራደር የባልና ሚስትን አሮጌ ቀመር ቀሚሱን ብቻ አውልቆ መልሶ ያመጣዋል። ጥንዶቹ ሁለት ወንዶች ቢሆኑም ጠንካራና ደካማ፣ ፈላጊና ተፈላጊ፣ ከፋይና ተከፋይ ተብለው ተመድበዋል። በእውኑ ዓለም ወንድ ጥንዶች ዘወትር የሚሰለቻቸውን «ከሁለታችሁ ሴቷ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ዘውጉ እንደ ተገቢ ጥያቄ ይመልሰዋል።

ተከላካዮቹ በበኩላቸው አድናቂዎች ራሳቸው ቀመሩን ምን ያህል እንደበታተኑት ያሳያሉ። ኦሬሳማ-ዜሜ «እኔ ጌታው» የሚል ትዕቢተኛ ሴሜ ነው። ሄታሬ-ዜሜ ሳይሳካለት የሚንተባተበው ነው። ቶሺሺታ-ዜሜ በዕድሜ የሚያንሰው፣ ኬይጎ-ዜሜ ደግሞ ፍቅረኛውን በአክብሮት ቋንቋ የሚያናግረው፣ እንደ እኛ «እርስዎ» እያለ የሚያሽኮረምም ማለት ነው። በኡኬው ወገን የሚጋብዘው ሳሶይ-ኡኬ እና እንደ ንግሥት የሚያዘው ጆኦ-ኡኬ አሉ። ሚናቸውን የሚለዋወጡት ሪባ ይባላሉ፤ በቁጥር ግን ጥቂት ናቸው፤ ብዙ አንባቢም አይገዛቸውም። የሪባ ጥቂትነት ተከላካዮቹ በቀላሉ የማያልፉት ነጥብ ነው፤ ዓይነቱ በዝቷል፣ ሁለት ወንበር መኖሩ ግን አልተነካም።

እዚህ ላይ የትርጉም ነገር ይነሣል። ጃፓንኛ ተናጋሪ «እኔ» ለማለት ከብዙ ቃላት ይመርጣል፤ ኦሬ ሻካራና ወንዳወንድ፣ ቦኩ ለስለስ ያለ ነው። ደራሲዋ ግዙፉን ሰው ቦኩ ስታሰኘው ወይም ትንሹን ልጅ ኦሬ ስታሰኘው ሥዕሉ የሠራውን ፍረጃ ቋንቋው ያፈርሰዋል። አማርኛ ጾታን በሁለተኛው መደብ ላይም ስለሚያስቀምጥ፣ ወንድን «አንቺ» ማለት ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ቀልድ ወዲያው ይገባዋል። የእንግሊዝኛው ትርጉም ግን ያለው «እኔ» አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ሥዕሉን ብቻ ይወርሳል፤ የከፋውን ግማሽ ማለት ነው።

«እምቢ» እና የውስጥ ድምፅ

ከሁሉም የከረረው ክርክር በፈቃድ ላይ ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሥራዎች የጥንዶቹን የመጀመሪያ ግንኙነት ኡኬው እምቢ እያለ ይሥሉት ነበር፤ ታሪኩም በፍቅር ይደመደማል። ራሷ ሌዝቢያንና የቢኤል አንባቢ የሆነችው ተመራማሪ ሚዞጉቺ አኪኮ በ2015 ባሳተመችው መጽሐፍ የዚህን ስልት ሥራ ተንትናለች። በቀመሩ ውስጥ መድፈር የጥላቻ ሳይሆን ከመጠን ያለፈ ፍቅር ምልክት ሆኖ ይቀርባል፤ አጥቂው ራሱን መግዛት ያቃተው በፍቅር ብዛት ነው ይባላል።

ስልቱ በገጽ ላይ የሚሠራው በሁለት ድምፅ ነው። በንግግር ፊኛው ውስጥ ኡኬው «ኢያ» ወይም «ዳሜ» ይላል፤ አልፈልግም፣ አይሆንም። ከፊኛው ውጭ፣ ባዶ ቦታ ላይ በተጻፈው የውስጥ ድምፁ ግን «ለምን አልጠላሁትም?» ይላል። አንባቢዋ ሁለቱንም ታነባለች። ሴሜው የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አንባቢዋ ፈቃድ እንዳለ ታውቃለች፣ ድርጊቱን የሚፈጽመው ሰው ግን አያውቅም። ተከላካዩ የሚቆመው አንባቢዋ ባወቀችው ላይ ነው፤ ነቃፊው የሚቆመው ሴሜው ባላወቀው ላይ ነው። ሁለቱም አንዲቱን ገጽ በትክክል አንብበዋል።

ሕጉም ማስታወስ የሚገባው ነገር አለ። የጃፓን የወንጀል ሕግ ከ1907 ጀምሮ እስከ 2017 ድረስ የአስገድዶ መድፈር ተጠቂ ሴት ብቻ እንደሆነች ነበር የሚደነግገው። በወንድ ላይ የተፈጸመው በሌላ፣ ቅጣቱ በቀለለ አንቀጽ ይታይ ነበር። በ2017 አንቀጹ ጾታን እንዳይለይ ተደረገ፤ በ2023 ደግሞ የወንጀሉ ስም ራሱ በፈቃድ ማጣት ላይ ተመሠረተ፣ የፈቃድ ዕድሜም ከ13 ወደ 16 ከፍ አለ። ቀመሩ የደረቀው የወንድ እምቢታ በሕግ ፊት እንደ ሴቲቱ በማይቆጠርበት አገር ነበር። ይህ ደራሲዎቹን ነጻ አያወጣም፤ ትዕይንቱ ለዚያን ጊዜ አንባቢ ለምን ከእውነት የራቀ ጨዋታ መስሎ እንደታየ ግን ያስረዳል።

አንድን ሥራ ለመመዘን የሚረዳው ከባዱ ትዕይንት መኖሩ ሳይሆን በኋላው የሚመጣው ነው። በሚቀጥሉት 20 ወይም 30 ገጾች የተጎዳው ሰው ይፈራል? ይርቃል? የሚያማክረው ጓደኛ አለው? አጥቂው ያደረገውን በስሙ ይጠራዋል ወይስ «አበዛሁት» ብሎ ያልፋል? ትዕይንቱ ተቆርጦ ቢወጣ ታሪኩ ያው ከሆነ የገባው ለማጣፈጫ ነው። የኃይል ልዩነት ያለባቸው ጥንዶችም፣ አለቃና ሠራተኛ፣ መምህርና ተማሪ፣ ሐኪምና ታማሚ፣ በዚሁ ይመዘናሉ፤ ታሪኩ ልዩነቱን ያየዋል ወይስ እንደ ጌጥ ይጠቀምበታል? አንደኛው ወገን ለዐቅመ አዳም ያልደረሰ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ምርመራ አያስፈልግም፤ ነቃፊዎች ትክክል ናቸው።

ከ2010 አካባቢ ጀምሮ የመጣው ኦሜጋቨርስ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። መነሻው በአንድ አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ድራማ አድናቂዎች ዘንድ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ትረካዎች ናቸው፤ በአስርቱ ዓመት አጋማሽ ጃፓን ገባ። ሰዎች በተፈጥሮ አልፋ፣ ቤታ፣ ኦሜጋ ተብለው ይከፈላሉ፤ ኦሜጋ ወንዶች ያረግዛሉ፣ በየጊዜው የሚመጣባቸውን የምኞት ወቅትም አይቆጣጠሩትም። በአንድ በኩል ሴሜና ኡኬን የደም ጉዳይ አድርጎ ፈቃድን ያደበዝዛል። በሌላ በኩል ደራሲዎች በእርግዝና ምክንያት ከሥራ መባረርን፣ በመታወቂያ ላይ ስለሚጻፍ መደብ፣ ስለ መድኃኒት ዋጋ እንዲጽፉ በር ከፍቷል። በእኔ ግምት የዘውጉ ምርጥና መጥፎ ሥራዎች ዛሬ ጎን ለጎን የሚገኙት በዚህ ንዑስ ዘርፍ ውስጥ ነው።

«ጌይ አይደለሁም»

የዚህ ጽሑፍ ርዕስ የሆነው ዓረፍተ ነገር በመቶዎች በሚቆጠሩ ማንጋዎች ውስጥ በልዩ ልዩ መልክ ተነግሯል። ሚናው ቀላል ነው። ወንድ የማይወድ ሰው አንዱን ወንድ ከወደደ ፍቅሩ ከዝንባሌ በላይ ነው፤ ዕጣ ፈንታ ነው። የፍቅር ታሪክ ሁሉ «ለምን ከሰው ሁሉ እሷን?» የሚለውን መመለስ አለበት፤ ይህ ስልት ከማንም በላይ ያሳመረ መልስ ነው።

ክፍያው የሚወድቀው በሌላ ሰው ላይ ነው። ዋናዎቹ ጥንዶች «ጌይ አይደለንም» ሲሉ ጌይ ተብሎ የሚጠራ ሰው በታሪኩ ውስጥ ከታየ ወይ አስቂኝ፣ ወይ አስፈራሪ፣ ወይ በመጠጥ ቤት ጥግ የተቀመጠ አማካሪ ነው። ዝንባሌው ያለው ሰው ተራ፣ የሌለው ሰው ደግሞ ልዩ ይሆናል። ሴቶችም ከዚህ አይተርፉም፤ የቀድሞ ፍቅረኛ ወይም እጮኛ ሆና የምትመጣ ሴት ምቀኛ ሆና ትሣልና በአምስተኛው ምዕራፍ ትወገዳለች። በሴቶች ለሴቶች በሚጻፍ ዘውግ ውስጥ ሴት እንዲህ መቅረቧ ፉጆሺዎች ራሳቸው አጥብቀው የሚተቹት ነው።

በ1992 የተጻፈው ደብዳቤ

ክርክሩ የውጭ አንባቢዎች ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ ፈጠራ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። በግንቦት 1992 ሳቶ ማሳኪ የተባለ ጌይ ጸሐፊ ሾዋዚር በምትባል ትንሽ የሴቶች መብት ኅትመት ላይ እጅግ የተቆጣ ጽሑፍ አወጣ። ሴቶቹ ለዘመናት ወንዶች ሴትን ያዩበትን ዓይን እሱና መሰሎቹ ላይ አዙረዋል አለ፤ የሚወዱት ቆንጆውን ምስል እንጂ ጌይ ሰውን እንዳልሆነም ጻፈ። ታካማጹ ሂሳኮን ጨምሮ ሴት አንባቢዎች መለሱለት። «ያኦይ ሙግት» ተብሎ ለዓመታት ቀጠለ።

ከዚያ የተገኘው ትልቁ ነገር ስምምነት ሳይሆን የጥያቄው መጥራት ነው። አንባቢዎቹ «የምናነበው ስለ እናንተ አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው» አሉ። ይህ መልስ የበደሉን ክስ ያቀለለ ይመስላል፣ ግን ሌላ በር ይከፍታል። በ2007 ሶሲዮሎጂስቱ ኢሺዳ ሂቶሺ «እባካችሁ ተዉን» የሚለውን የአድናቂዎች ምላሽ መርምሮ፣ የአንድን ወገን ምስል እየተጠቀሙ ከወገኑ ጋር ግንኙነት የለንም ማለት እንደማይቻል አስረዳ። የዛሬው ተከራካሪ የሚያነሣው ነጥብ ሁሉ በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ተነሥቷል፤ አብዛኛው ወደ ሌላ ቋንቋ ባለመተርጎሙ ግን እያንዳንዱ ትውልድ እንደ አዲስ ያገኘዋል።

ዩሪ፦ ተገልብጦ የተሰፋ

ዩሪ ለብቻው የሚታይ ችግር አለው፤ የቢኤል ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ የሚከሰሰው ጥቃቱ ነው፣ እዚህ የሚከሰሰው ንጽሕናው። ሥሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «ኤስ» ይባል የነበረው የሴት ተማሪዎች ጥብቅ ወዳጅነት ነው፤ ዮሺያ ኖቡኮ ከ1916 ጀምሮ በጻፈቻቸው አጫጭር ታሪኮች አክብራዋለች። ኤስ የሚፈቀደው የሚያልፍ ስለሆነ ነበር፤ ምርቃት ይመጣል፣ ትዳር ይከተላል። በ1971 የወጣው የመጀመሪያው ነው የሚባለው የዩሪ ማንጋ በአንዷ ሞት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መቋጫዎች፣ ሞት ወይም «ልጅነት ነበር»፣ ለአስርት ዓመታት አልለቀቁም። ዩሪ የሚለውን ስም ያወጣው በ1976 የባራዞኩ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ኢቶ ቡንጋኩ መሆኑም ልብ ይባል፤ ሴቶቹን ስም ያወጣላቸው የወንዶች መጽሔት ነው።

ለዘውጉ ብቻ የቆመው ዩሪ ሂሜ በ2005 ተጀመረ። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሥራ ያላቸው፣ ኪራይ የሚከፍሉ፣ «ሌዝቢያን» የሚለውን ቃል የሚናገሩ ገጸ ባሕርያት እየበዙ መጥተዋል። የትምህርት ቤት ደንብ ልብሱ ግን አሁንም በብዙ ሽፋኖች ላይ አለ።

ስልቱ ለምን አይሞትም?

አንዱ ምክንያት የሥራው መጠን ነው። አንድ የተለመደ ቢኤል ማንጋ በአንድ ቅጽ ያልቃል፤ ከ5 እስከ 6 ምዕራፍ፣ በጠቅላላው 200 ገጽ ገደማ። በዚህ ውስጥ መገናኘት፣ መጠራጠር፣ መቀራረብ፣ መጋጨትና መታረቅ አለባቸው። ደራሲዋ ማን ምን እንደሆነ ለማስረዳት 40 ገጽ ማጥፋት አትችልም። ሽፋኑ ሴሜና ኡኬውን ከነገረ ግን ታሪኩ ከገጽ 3 ይጀምራል። የተለመደ ስልት ጊዜ ይቆጥባል።

ሌላው መደርደሪያው ነው። ጃፓን ውስጥ ቺል ቺል የተባለው የቢኤል ግምገማ ድረ ገጽ ሥራዎችን በሴሜና በኡኬ ዓይነት ለይቶ ለመፈለግ ያስችላል። አንባቢዋ የምትፈልገውን በትክክል ታገኛለች፤ የማትፈልገውንም ታመልጣለች። አድናቂዎች የማይታገሡትን ነገር «ጂራይ»፣ ፈንጂ፣ ይሉታል፤ እያንዳንዱ ፈንጂውን ያውቃል፣ የሌላውንም አይረግጥም። ይህ ስርዓት ሰላም ያመጣል፤ ስልቶቹንም በየሣጥናቸው ጠብቆ ያቆያል፣ ምክንያቱም በስም የሚፈለግ ነገር ሁልጊዜ ገዢ አለው።

ከጃፓን ውጭ ደግሞ የጊዜ መዘግየት አለ። በእንግሊዝኛ የታተመው የመጀመሪያው ትልቅ ሞገድ ከ2003 ጀምሮ የመጣ ሲሆን ያመጣው የ1990ዎቹን ሥራ ነበር። ብዙ አንባቢ ስለ ዘውጉ ያለውን ምስል የያዘው ያኔ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚሰነዘር ነቀፌታ ኢላማው የ1996 ማንጋ ሊሆን ይችላል፤ ተከላካዩም በ2020 ሥራ ይመልስለታል፣ ሁለቱም ያሸነፉ ይመስላቸዋል።

ምን ተለወጠ፣ ወዴትስ ያመራል?

ለውጡ በቢኤል ውስጥም በዳሩም ይታያል። ዮሺናጋ ፉሚ ከ2007 ጀምሮ በአዋቂ ወንዶች መጽሔት ላይ የምታወጣው ማንጋ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ሁለት ወንዶች የእራት ወጪያቸውን እየቆጠሩ ሲያረጁ ያሳያል፤ በ2019 የቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል። ከጌይ ኮሚ የመጣው ታጋሜ ጌንጎሮ ከ2014 እስከ 2017 ባወጣው ሥራ የሞተ ወንድሙ ባል እንግዳ ሆኖ የመጣበትን አባት ተርኮ በ2018 የአሜሪካ የኮሚክስ ሽልማት የሆነውን አይስነርን አገኘ። በሕግ በኩል የሳፖሮ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2021 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ አለመፈቀዱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። «ወንድ አልወድም» የሚለው ንግግር ዛሬ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሌላው ገጸ ባሕርይ «ታዲያ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ይመልሳል፤ ሚዞጉቺም የዘውጉን መሻሻል የምታየው እንዲህ ባለው መልስ ውስጥ ነው።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አድናቂዎች ዘንድ ግን ክርክሩ ሌላ መልክ ይዟል። ጎጂ ስልት ያለበትን ሥራ ማንበብም መሣልም ጥፋት ነው የሚሉት «አንቲ»፣ ልብ ወለድ በልብ ወለድነቱ ይተው የሚሉት «ፕሮሺፕ» ተብለዋል። አንቲዎች ስለ ፈቃድ የሚያነሡት ነጥብ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። መንገዳቸው ግን ሥራውን ትቶ አንባቢውን ወደ መመርመር ያዘነብላል፤ ዱላው የሚያርፈውም አሳታሚው ላይ ሳይሆን ቅርብ ያለው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ወጣት ሴትና ጌይ አንባቢ ላይ ነው።

ነቀፌታ ወደ መንግሥት እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በ2008 በኦሳካ ግዛት የሳካይ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በደረሰው ቅሬታ 5,500 ያህል የቢኤል ልብ ወለዶችን ከመደርደሪያ አነሣ፤ ከዚያ በተቃራኒው ወገን ተቃውሞ ውሳኔውን ቀየረ። ቶኪዮ ደግሞ በታኅሣሥ 2010 የወጣቶች ጥበቃ ደንቧን አጥብቃ ከሐምሌ 2011 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ሠራተኞች ከመደብር ገዝተው ያመጧቸው መጻሕፍት በየወሩ ይመረመራሉ። «ጎጂ» የተባለው ከ18 ዓመት በታች ላሉ አይሸጥም፤ ትልልቅ የኢንተርኔት መደብሮችም ጨርሰው ያወርዱታል። ቢኤል በዚህ ዝርዝር ውስጥ በተደጋጋሚ ይገኛል። አብዛኛው ውሳኔ የሚመሠረተው ግን ሥዕሉ ምን ያህል ገልጦ አሳየ በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ተከባብረው፣ ተጠያይቀው የሚዋደዱ ሁለት ጎልማሶችን በግልጽ የሣለ ማንጋ ሊታገድ ይችላል፤ ጠላፊውን ሰው አፍቃሪ አድርጎ የተረከው ሌላው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻ ስለሳበ ብቻ፣ በመደርደሪያው ላይ ይቆያል።